ከመንገድ በታች የቀረውን የእናቴን ቤት እንዴት ከፍ አደረግነው

በአዲስ አበባ የድሮ ሰፈሮች ብዙ ጭቃ ቤቶች ከመንገዱ በታች ናቸው። ሲሠሩ እንዲህ አልነበሩም። ያደገው መንገዱ ነው። መጀመሪያ ገረጋንቲ ይደፋበታል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ገረጋንቲ ይጨመርበታል። በመጨረሻ ኮብልስቶን ይነጠፍበታል። ቤቱ ግን ባለበት ይቀራል። ከዚያ አንድ ክረምት ላይ ጎርፉ ደፉን ተሻግሮ ሳሎን ይገባል።

ኮልፌ ያለው የእናቴ ቤትም የገጠመው ይኸው ነው። ወለሉ ከኮብልስቶኑ ጠርዝ 35 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቀርቶ ነበር። ሐምሌ በመጣ ቁጥር አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ በሩ ላይ እንደረድራለን። ውሃው በበር ሲከለከል በግድግዳው ሥር ይመጣል። ጭቃ ቤት ደግሞ ከሥሩ ከራሰ አለቀለት። ልስኑ ይረግፋል፣ ቋሚው ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል።

የሚያየን ሁሉ «አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩት» ይለን ነበር። በዛሬ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ይህ ለሁሉም ሰው የሚሆን ምክር አይደለም። እማዬ ደግሞ «እኔ በቁሜ ይቺ ቤት አትፈርስም» ብላ ቁርጡን ነገረችን። ስለዚህ ቤቱን ከነጣራው አነሳነው። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ሠራን፣ ወለሉን ሞላን፣ መልሰን አሳረፍነው። የሠራነው እኔና ወንድሜ ነን፤ አንድ አንጋፋ አናፂና አንድ ግንበኛ አብረውን ነበሩ። ክረምት ሲመጣ ልባችሁ የሚደነግጥ ሰዎች ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ይህ የሚሆነው ለጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ቤት ጉልበቱ እንጨቱ ላይ ነው። የባህር ዛፍ ቋሚዎቹ ጣራውን ይሸከማሉ፣ ማገሩ ቋሚዎቹን ያያይዛል፣ ጭቃው ክፍተቱን ይሸፍናል። ስለዚህ ጭቃው ቢወርድም ቤቱ ይቆማል። የብሎኬት ግድግዳ ግን ራሱ ነው ተሸካሚው። እሱን በዚህ መንገድ ለማንሳት አትሞክሩ። ከጎረቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ቤትም ሌላ ጣጣ አለው፤ የእናንተ ሲነሳ የእሱ ይሰነጠቃል።

ቤት ማንሳት እብደት የሚመስለው ሰው አለ። ዘመዶቻችንም እንደዚያ ነበር ያሉን። እኔን ያጽናናኝ የቺካጎ ታሪክ ነው። ከተማዋ ረግረግ ላይ ስለተቆረቆረች ለፍሳሽ መስመር ሲባል መንገዶቿ ከፍ ተደረጉ፤ ሕንፃዎቿ ከታች ቀሩ። ልክ እንደኛ ሰፈር ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1858 አንድ ባለ 4 ወለል የጡብ ሕንፃ በ200 ጠመዝማዛ ክሪኮች ወደ 1 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ተደረገ። በ1860 ደግሞ ሌክ ስትሪት ላይ 100 ሜትር የሚጠጋ ረድፍ ሕንፃ 6,000 ክሪክ ከሥሩ ገብቶለት፣ 600 ሰው እያዞረ፣ በአምስት ቀን ወደ 1 ሜትር ከ40 ተነሳ። ለአንድ ሰው አሥር ክሪክ ደረሰው ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ምልክት ትንሽ ትንሽ ያዞራሉ። ኮልፌ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤትም እንዲሁ ትንሽ ትንሽ እየተባለች ነው የምትነሳው፤ ልዩነቱ ክሪኩ ጥቂት ስለሆነ ተራ በተራ መዞሩ ነው።

ቤቱን ከመንካታችሁ በፊት እንጨቱን መርምሩ። የእኛ አናፂ በአንድ ካቻቢቴ ነው የጨረሰው። እያንዳንዱን ቋሚ ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጋ ሄደ። ከታች ካቻቢቴው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ይሰምጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ይደነድናል። ጤነኛው እንጨት የጀመረበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። በእኛ ቤት ከሁሉም የከፋው ምልክት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ከአርባ ዓመት በኋላም እንደ ብረት ነው። ወራጆቹንና ጣራው ከቋሚው ጋር የሚገናኝበትንም እንዲሁ ወግቶ አየ። እዚያ ላይ ብስባሽ ቢኖር ኖሮ ሥራውን አንጀምርም ነበር። ላዩ የሞተ ቤት ቢነሳ ጥቅም የለውም።

ጊዜውን ምረጡ። እኛ የጀመርነው በጥቅምት መጨረሻ ነው። አፈሩ ጠንከር ብሏል፣ ዝናብ የለም፣ ምርጊቱም እስከ በልግ ይደርቃል። ከየካቲት በኋላ ነፋሱም በልጉም ይመጣል። ጭቃው የወረደለት ቤት ነፋስ ከሥሩ ይገባበታል፤ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ በየማዕዘኑ ጣራውን በወፍራም ሽቦ መሬት ላይ ከተቀበረ ችካል ጋር አስረነው ነበር። ቤቱ ከፍ ባለ ቁጥር ሽቦውን እያላላን መልሰን እናጠብቃለን።

ከወረዳ የእድሳት ፈቃድ አውጡ። ካርታ ያለው ሰው ካርታውን፣ የቀበሌ ቤት ያለው ደግሞ የኪራይ ውሉን ይዞ ይሂድ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ያለ ፈቃድ ጣራ መንካት ቤቱን እስከማጣት ሊያደርስ ስለሚችል አትዳፈሩ። መብራቱን ደግሞ ራሳችሁ አትንኩ። ከፖሉ ወደ ቤት የሚመጣው ሽቦ ቤቱ ሲነሳ ይላላል ወይም ይወጠራል፤ ቆጣሪውም ግድግዳው ላይ ነው ያለው። ለመብራት ኃይል አመልክተን ከነቆጣሪው አስነሳነው።

ጎረቤት ያልኩት ለግድግዳ ብቻ አይደለም። ቤታችሁ ከፍ ሲል ቀድሞ እናንተ ግቢ ይተኛ የነበረው ውሃ ወደ እሱ ይሄዳል። ቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ሠራተኛው ባለበት ጠብ ይነሳል። እኛ ከታች ካሉት ጎረቤታችን ጋር ቡና ላይ ተነጋግረን፣ በድንበሩ የሚሄደውን ቱቦ በጋራ ገዛን።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ።

መጀመሪያ ጭቃውን አራገፍነው። ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ሒሳቡን ግን ተመልከቱ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሁለት ሜትር ተኩል ቁመትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ ግማሽ ቶን ያልፋል። 8 በ5 የሆነ ቤት ዙሪያው ብቻ 26 ሜትር ነው። የውስጡን ሳይጨምር ከ13 ቶን በላይ ጭቃ ማለት ነው። ቆርቆሮውና እንጨቱ ግን ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው። ጭቃውን ይዛችሁ ብታነሱ እንጨቱ ይሰበራል። ጭቃው ደግሞ አይባክንም። ጥግ ላይ ክምር አድርገን በላስቲክ ሸፈንነው። በኋላ ውሃና አዲስ ጭድ ተጨምሮበት ያው ጭቃ ተመልሶ ግድግዳ ሆነ። ኮርኒሱን፣ በሮቹንና መስኮቶቹን ከነመቃናቸው ነቅለን አስቀመጥን።

አፅሙ ብቻ ሲቀር ማጠንከር ያስፈልጋል፤ ያለ ጭቃ ይወላገዳል። በየግድግዳው በሰያፍ አጣና መታንበት። ከዚያ ከድሮው ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለን፣ ቋሚዎቹን ከውስጥና ከውጭ በሁለት ወፍራም አግዳሚዎች አጣበቅናቸው። በየቋሚው ቡሎን አስገብተን አጠበቅን። ምስማር እዚህ ቦታ ላይ አይበቃም። ጠቅላላው የቤቱ ክብደት በእነዚህ አግዳሚዎች ነው የሚነሳው።

ክሪኩን በቀጥታ ከአግዳሚዎቹ ሥር ማስቀመጥ ይቻላል። ግን እንደዚያ ካደረጋችሁ ግንበኛው የት ይቁም? መሠረቱ የሚሠራው እዚያው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ከአግዳሚዎቹ ሥር በየሁለት ሜትሩ ግድም ግድግዳውን አቋርጠው የሚያልፉ ረጃጅም መሻገሪያዎች አስገባን። የመሻገሪያው አንድ ጫፍ ቤት ውስጥ ነው፣ ሌላው ግቢ ነው። ክሪኩም ድጋፉም በሁለቱ ጫፎች ሥር ይቀመጣል። የግድግዳው መስመር ነፃ ይሆናል። ይህን ያመጣው አናፂው ነው፤ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ይመስለኛል። ድጋፉ ከመሠረቱ ጉድጓድ መራቅ አለበት። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ድጋፉም ቢያንስ ያንኑ ያህል ይራቅ፤ አለበለዚያ አፈሩ ተደርምሶ ድጋፉን ይዞት ይወርዳል።

ድጋፍ ያልኩት አጫጭር እንጨቶች በመስቀለኛ እየተደራረቡ የሚሠራ ቁልል ነው። ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ይነጠፋል፣ እንዳይሰምጥ። ከጎኑ ክሪኩ ይቆማል። የክሪኩ ሥራ ማንሳት ነው፤ ሸክሙ የሚያርፈው ቁልሉ ላይ ነው። ሃይድሮሊክ ክሪክ ቀስ ብሎ ዘይቱን ሊለቅ ይችላል፤ ማታ ሸክም ላይ ትታችሁት ብትተኙ ጠዋት ወርዶ ታገኙታላችሁ። እኛ ከጋራዥ የጭነት መኪና ክሪኮች ተከራይተን ነበር። ጠመዝማዛ ክሪክ ካገኛችሁ የተሻለ ነው።

ቋሚዎቹን የቆረጥናቸው መሻገሪያው ሁሉ ተደግፎ ካለቀ በኋላ ነው። አናፂው አንዱን ቋሚ በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆርጦ፣ ድጋፉን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ተከታትለው የቆሙ ቋሚዎችን በአንዴ አይቆርጥም፤ አንዱን ጥግ ቆርጦ ወደ ማዶ ይሻገራል።

ከዚያ ማንሳት። አንድ ዙር ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንዱ ማዕዘን ተጀምሮ ቤቱን ዞሮ እስኪመለስ አንድም ቦታ ከሁለት ሳንቲ አይበልጥም። ክሪኩ ሁለት ሳንቲ ሲያነሳ ቁልሉ ላይ ባለ ሁለት ሳንቲ ጣውላ ይገባል፤ ክሪኩ ይለቀቅና ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ዙሩ ሲያልቅ በውሃ ልክ ይለካል። የእኛ ውሃ ልክ ውሃ የሞላ ነጭ የላስቲክ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ወንድሜ መነሻው ማዕዘን ላይ ይይዛል፣ ሌላውን እኔ ይዤ ቋሚ ቋሚውን እዞራለሁ። ከማንሳታችን በፊት በሁሉም ቋሚ ላይ በአንድ ልክ መስመር አስምረን ነበር። በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ይወዛወዛል፤ እስኪረጋ ትጠብቃላችሁ። ከመስመሩ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ያ ቦታ ሳይስተካከል ሌላ ዙር አይጀመርም።

እንጨት ሲነሳ ይናገራል። መጀመሪያ ሲጥ ይላል፣ ቀጥሎ ምስማሮቹ ይጮኻሉ። አናፂያችን መዳፋቸውን ቋሚው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲጥታው ከቆመ «ቀጥሉ» ይላሉ። ጩኸቱ ከአንድ ቦታ ብቻ ከመጣ ክሪኩን ያስቆሙና እዚያ ሄደው የተያዘ ማገር ወይም ሽቦ ይፈልጋሉ። አንድ ቀን እኔ ቸኩዬ «ጋሼ፣ ገና ፀሐይ አለ፤ አንድ ዙር እንጨምር» አልኳቸው። «አይ ልጄ» አሉኝ፣ «እንጨቱ በአዲሱ ቦታው ይደር። ነገ ይለምደዋል።» በማግስቱ ቡሎኖቹን ስንፈትሽ የላሉ አገኘን፤ አጥብቀን ቀጠልን።

እዚህ ላይ የማልደራደርባቸው ነገሮች አሉ። ክሪክ በሚዞርበት ጊዜ ጣራው ሥር ከክሪክ አዟሪው በቀር ማንም አይገባም፣ ልጆች ከግቢ ይወጣሉ። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ብዙ አዋቂ በተሰበሰበበት ግቢ ይህ ቀላል አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሞ ያዛል። ወንድሜ በሩን ዘግቶ፣ «ስንጨርስ ቡና አለ» እያለ ሁሉንም በትህትና ሸኘ።

ጣራውን በጠቅላላው 70 ሳንቲ ሜትር አነሳነው። ልኩ የመጣው እንዲህ ነው። አዲሱ ወለል ከኮብልስቶኑ 30 ሳንቲ ከፍ እንዲል ፈለግን። ወለሉ ቀድሞ 35 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ስለነበር 65 ሳንቲ መሙላት ያስፈልጋል። ጣራው 70 ሲነሳ ክፍሎቹ ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ለምን የበለጠ አላነሳችሁም ለሚል፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቁልሉ ይወዛወዛል፣ መሠረቱም ሙሌቱም ዋጋው ይንራል። በሩ ላይ ሁለት ደረጃ በቂ ነው። እማዬም ጉልበቷን ያማታል።

ከዚህ በኋላ ያለው የግንበኛ ሥራ ነው፤ እሱን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ጥልቀትና 50 ሳንቲ ስፋት ነበረው፤ የእኛ አፈር ቀይና ጠንካራ ስለሆነ በቃን። ወደ ቦሌ፣ አቃቂና ቃሊቲ ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ ግን በዚህ እንዳትሸወዱ። ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱን ያወዛውዘዋል። እዚያ ባለሙያ አፈሩን ሳያይ አትጀምሩ። መሠረቱን በጥቁር ድንጋይ ገንብተን፣ ከላይ በአራት ባለ 12 ፌሮና በስታፋ የኮንክሪት ማሰሪያ ዙሪያውን አለፍንበት። ውህዱ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ነው። በአካፋ አትለኩ። 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን አሠሩ፤ አንድ ሳጥን ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር እኩል ይሆናል። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በየቋሚው ቦታ አንግል ብረት ቀበርንበት።

ኮንክሪት ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው። ቤቱ ቁልል ላይ ቆሞ እየታየ መጠበቅ ይከብዳል፤ ግን ጠብቁ። ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ከዚያ ቤቱን በተነሳበት አካሄድ፣ በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ እያደረግን ማሰሪያው ላይ አሳረፍነው። ቋሚዎቹ አሁን ድንጋይ ላይ ናቸው፤ ከአፈር ጋር አይገናኙም። በቋሚውና በኮንክሪቱ መካከል ወፍራም ላስቲክ አለ፣ እርጥበት ወደ እንጨቱ እንዳይሳብ። የቋሚዎቹን ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባነው፤ የድሮ አናፂዎች ለምስጥ የሚያደርጉት ነው። አንግሉን በቡሎን ከቋሚው ጋር አሠርነው።

ወለሉን ስትሞሉ አትቸኩሉ። ገረጋንቲውን በአንዴ ደፍተው ከላይ ኮንክሪት የሚያፈሱ አሉ፤ ዓመት ሳይሞላ ሊሾው ይሰነጠቃል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ እየደፋችሁ፣ ውሃ እያጠጣችሁ፣ እየደበደባችሁ ውጡ። በላዩ 25 ሳንቲ ድንጋይ፣ ከዚያ ላስቲክ፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ኮንክሪት፣ በመጨረሻ ሊሾ።

ምርጊቱ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጣችሁ ለቀናት ይቡካ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን ካላሳየ ሁለተኛውን አትጫኑ። ብዙ ሰው ላዩን በሲሚንቶ ያስለስናል፤ መልኩ ያምራል፣ ግን ሲሚንቶ ጭቃን አጥብቆ አይዝም፣ ከኋላው እርጥበት ከገባም መውጫ የለውም። እኛ ጥሩ የጭቃ ልስን አድርገን ኖራ ቀባነው። ቀድሞ ይረግፍ የነበረው የታችኛው ክፍል አሁን ድንጋይ ስለሆነ የጣራ ጠብታ ቢረጨውም ምንም አይሆንም።

ከወጪው ትልቁን የበላው ድንጋይ፣ ሲሚንቶና ገረጋንቲ ነው። ማንሳቱ፣ ማለትም ክሪክ ኪራይ፣ አጣና፣ ቡሎንና የአናፂ ዋጋ፣ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። አጣናው ደግሞ በኋላ ለአጥርና ለማድቤት ዋለ። ገንዘብ ሲያጥራችሁ ከቡሎንና ከድጋፍ እንጨት ላይ አትቀንሱ፤ ሊሾውን ለከርሞ አቆዩት።

ግቢውን አትርሱ። ቤቱ ከፍ አለ እንጂ ግቢው አሁንም ከመንገዱ በታች ነው። ውሃው መውጫ ካላገኘ አዲሱ መሠረት ሥር ይተኛል። በዙሪያው አሸንዳ ሰቅለን፣ ውሃውን በቱቦ ወደ ታችኛው ዲች ለቀቅነው፤ ከመሠረቱ አጠገብ ያለውን መሬትም ወደ ውጭ አዘቅዝቀን በድንጋይ ነጠፍነው።

በመጀመሪያው ክረምት በየሳምንቱ ዙሪያውን ዞራችሁ እዩ። ውሃ የቆመበት ቦታ ካለ ያኔውኑ ክፈቱለት። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ቁልፍ ይዛችሁ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቁ፤ አዲስ የገባው አጣና ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሁሉም ትንሽ ትንሽ ላልቶ ይጠብቃችኋል። በሁለተኛው ዓመትም ድገሙት።